ሪሶርስ ክፍሉ አለ፤ አገልግሎቱ የት ነው?

የቾክ አቧራ (ክሩን የከፈተ)፦ ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቄ ሳስተምር ይሄ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው ወሎ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። ትምህርት ቤቱ የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት) መርጃ ማዕከል ተብሏል። ይህ ማለት እኛ ጋ ያለው ዕቃና ባለሙያ በክላስተሩ ላሉት ሳተላይት ትምህርት ቤቶችም (ከእኛ ጋር ለተመደቡት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች) ይደርሳል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው።

ሪሶርስ የምንለውን የመርጃ ዕቃ ክፍል ላስጎብኛችሁ። ሦስት ፐርኪንስ የብሬል መጻፊያ አለ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ቁልፉ ተጣብቋል፣ አንዱ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ከነላስቲካቸው ቆመዋል። በእጅ እየተዳሰሰ የሚነበብ ካርታም አለን፤ እሱ ላይ ያለውን አቧራ ራሱ ዳስሶ ማንበብ ይቻላል። በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጋ ነው። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ዕቃው በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ የሆነው በእሷ እጅ ነው፤ ቢሰበር ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እቆልፋለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ማየት የተሳናት አንዲት ልጅ አለችን። መምህር ስላነሰ ሙሉ ድልድሌ የዜግነት ትምህርት ነው፤ ለእሷ የምደርሰው በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቁልፉን ለምኜ ገባንና ፐርኪንሱ ላይ ስሟንና የአባቷን ስም አስጻፍኳት። መስመሩ ሊያልቅ ሲል የማሽኑ ደወል ቂል አለ። ደነገጠች። ከዚያ ሳቀችና "መምህር፣ እንደገና ላስጩኸው?" አለችኝ። ወረቀቱን ሳዞርላት የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። በዚያ ሳምንት የደረሳት የብሬል ትምህርት ያቺው ናት፤ ቁልፍ ፍለጋው ተቀንሶ 11 ደቂቃ።

ለክትትል የሚመጡ ሰዎች "ምን ምን ዕቃ አላችሁ?" ብለው ቆጥረው ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። ልጅቷ በሳምንት ስንት ሰዓት አገኘች ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። ዕቃ ይቆጠራል፤ ሰዓት አይቆጠርም። እናንተ ጋ እንዴት ነው? የተሻለ መንገድ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።

---

ስድስት ነጥብ፦ ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡02

መምህር፣ "እንደገና ላስጩኸው?" የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ይህን የምጽፈው በስክሪን አንባቢ (ስልኩ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም) ነው፤ የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። እኛ ፐርኪንስን ያወቅነው ዘግይተን ነው። የጀመርነው በስሌትና ስታይለስ (ቀዳዳ ባለው ሰሌዳና በመውጊያ) ነበር። ለማያውቅ ሰው፦ በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሕፃን ልጅ ሁሉንም ነጥብ ገልብጦ ማሰብ አለበት። ፐርኪንስ ግን እንደተጻፈ ወዲያው ጣት ሥር ይነበባል። ለጀማሪ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ "አሁን ስልክ አለ፣ በድምፅ ያዳምጡ" የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። አትስሟቸው። እኔም ስልኬ ቀኝ እጄ ነው። ግን በጆሮው ብቻ የተማረ ልጅ ታሪኩን ያውቃል እንጂ ፊደሉን አያውቅም፤ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ፣ አንቀጽ የት እንደሚሰበር አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፈተና ላይ ነው ጉዱ የሚታየው።

ሁለተኛ፣ ብሬል ብቻውን አገልግሎት አይሆንም። ልጅቷ ከክፍሏ ሽንት ቤት ድረስ ብቻዋን ትሄዳለች? ነጭ በትር ይዛ መንገድ መለየትን ማን አስተማራት? እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ውሃ የምጠጣው ጓደኛዬ ሲጠማው ነበር። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ለሁሉም መምህር ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሰሌዳ ላይ እየጻፋችሁ "ይህንን ከዚህ ስንቀንስ ይህ ይመጣል" አትበሉ። የምትጽፉትን አንብቡት።

---

ነገሩ ገብቶኛል፦ ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡30

ጤነኛው ልጅ በአንድ መጽሐፍ ለአራት እየተማረ ስለ ፐርኪንስ ታወራላችሁ። ቅድሚያ ለብዙኃኑ።

---

እናት ከጎፋ፦ ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 5፡15

ነገሩ ገብቶኛል፣ ምንም አልገባህም። ልጄ "ጤነኛ ያልሆነ" ሳይሆን ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው። ብዙኃኑ የምትላቸው ውስጥም የእኔ ሌሎች ሁለት ልጆች አሉ፤ መጽሐፍ ለአራት የሚካፈሉት እነሱ ናቸው። አንዱን ከሌላው አታፋጅብኝ።

መምህር የቾክ አቧራ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኛ ታሪክ በአጭሩ ይኸውልህ። መጀመሪያ የግል ትምህርት ቤት ሞከርን። "ሻዶ ይዘሽ ከመጣሽ እንቀበላለን" አሉኝ፤ ክፍል ውስጥ ከልጁ ሳትለይ የምትረዳው ሰው ማለት ነው። ሻዶዋን የምቀጥረው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ እሷ ስትታመም ልጁን ቤት የማስቀረውም እኔ። ሙሉ ክፍያ እየተቀበሉ ለልጄ የሰጡት ነገር ወንበር ነው። በዓመቱ ኪሴ ባዶ ሲቀር ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርኩት።

እዚያ ደግሞ ችግሩ ደወሉ ሆነ። ታውቁታላችሁ፣ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ። ልጄ በሰማው ቁጥር ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያ ክፍለ ጊዜ ለእሱም ለመምህሩም አለቀ። ስብሰባ ተጠራ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ "ይህ ልጅ ለዚህ ትምህርት ቤት አይሆንም" ሊባል ጫፍ ደረሰ። መፍትሔውን ያመጡት የጥበቃው አባባ ናቸው። አንድ ቀን ጠርተው ብረቱን ሰጡት። "ና አንተ ምታው" አሉት። መታው። የሚያስፈራው ሳይታሰብ የሚመጣው ድምፅ ነበር፤ እሱ ራሱ ሲመታው አልፈራውም። ከዚያ ወዲህ ከመደወሉ በፊት አባባ በመስኮት ብቅ ብለው ሁለት ጣት ያሳዩታል፦ ሁለት ደቂቃ ቀረ ማለት ነው። ጆሮውን ይሸፍናል፣ ይደወላል፣ ትምህርት ይቀጥላል።

ግን አባባ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። አዲሱ ጥበቃ ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድድ ወረቀት የትም የለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጆይ ማዕከልን ከፍተው ስለ ልጃቸው በአደባባይ ባይናገሩ ኖሮ እኔ ዛሬ "ኦቲዝም" የሚለውን ቃል ለጎረቤት ለመናገር አልደፍርም ነበር።

---

ወረዳ ሰው፦ ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 2፡20

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው፤ ስድቡን ከወዲሁ ተቀብያለሁ 🙂

ለመምህር፦ የንብረቱ ጉዳይ መፍትሔ አለው። ዕቃውን በሞዴል 22 በራስህ ስም ወጪ አድርገህ ተረከብ። ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ኃላፊዋ ከተጠያቂነት ነፃ ትሆናለች፣ ቁልፉ አንተ ጋ ይቀመጣል። ይህን ያላደረግኸው ኃላፊነቱን ፈርተህ ከሆነ እሱን ራስህን ጠይቅ። በሥራ ላይ እያለ በአገልግሎት ብዛት የተበላሸ ዕቃ በቃለ ጉባኤ ይያዛል እንጂ ማንም ከደመወዝህ አይቆርጥም።

በጀቱን በተመለከተ፦ ጥቅምት ላይ "የብሬል ወረቀት ግዙልን" የሚል ደብዳቤ ሲመጣልን ምንም ማድረግ አንችልም። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ጥያቄያችሁ ሚያዝያና ግንቦት ላይ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ በዋጋ ተተምኖ መግባት አለበት። "ለልዩ ፍላጎት ልዩ ትኩረት ይሰጣል" ተብሎ የሚጻፍ ዕቅድ ስንት ብር ነው? ዜሮ ብር ነው።

ሌላም አለ። በየዓመቱ በምትሞሉት የስታቲስቲክስ ቅጽ ላይ የአካል ጉዳት ዓምዱን ባዶ የሚተዉ ርዕሰ መምህራን ብዙ ናቸው። ያልተመዘገበ ልጅ ለእኛ የለም። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ዜሮ ተብሎ ተልኮልኝ በአካል ስሄድ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ዘጠኝ ልጆች ቆጥሬያለሁ። ስድስቱ በደንብ የማይሰሙ ናቸው፤ መምህሮቻቸው "ሰነፍ" ይሏቸው ነበር።

---

የቾክ አቧራ፦ ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡45

ወረዳ ሰው፣ ነክተኸኛል። ሞዴል 22ን አውቀዋለሁ፤ ፈርቼ ነው። ልክ ነህ።

ግን ድልድሉስ? ቁልፉን ብረከብ እንኳ ሙሉ ቀን ዜግነት ሳስተምር ክፍሉ ውስጥ ማን ይቀመጣል?

---

እጆቼ ይናገራሉ፦ ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 7፡30

መስማት የተሳነኝ ነኝ። አማርኛዬ ላይ ስህተት ካያችሁ ታገሡኝ፤ የመጀመሪያ ቋንቋዬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ብዙ ሰው ምልክት ቋንቋ አማርኛ በእጅ ሲነገር ይመስለዋል። አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው አለው።

"አካቶ" የሚለው ቃል ሲጠራ ሁሉም ያጨበጭባል፤ እኔ አላጨበጭብም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ 60 ተማሪ ውስጥ አንድ መስማት የተሳነኝ እኔ ነበርኩ። አካተቱኝ፤ ከማን ጋር ላውራ? በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አራት ዓመት አለፈ። የመስማት የተሳናቸው ልጆች አብረው መሆን አለባቸው፤ ቋንቋ ከሰው ነው የሚለመደው።

አስተርጓሚ ነበረኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነበረች። ግን አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ሲያስተረጉም እጁም አእምሮውም ይደክማል። በሌላው ሥራ 20 ወይም 30 ደቂቃ ላይ ሁለት አስተርጓሚ ይቀያየራል፤ እኔ ጋ ብቻዋን ነበረች። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ባዮሎጂ ነበረን። መምህሩ አምስት ደቂቃ ያወራል፣ እሷ ሁለት ምልክት ታሳየኛለች። "ምን አለ?" ስላት "ቆይ፣ በኋላ" ትለኛለች። ያ በኋላ አልመጣም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስመርቃል። ተመራቂዎቹን ለማስተርጎም የሚቀጥር የሥራ መደብ ግን በብዙ ትምህርት ቤት መዋቅር ላይ የለም። ተመርቀው ሌላ ሥራ ይሠራሉ።

---

ስድስት ነጥብ፦ ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1፡05

እጆቼ ይናገራሉ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንለያያለን። እኔ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ስወጣ ከሚያዩ ልጆች ጋር መኖር አልቻልኩበትም ነበር፤ ቤተሰቤን እንኳ እንደ እንግዳ ነበር የማየው። ለዓይነ ስውር ልጅ ሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ብሬሉና በትሩ ከተሟላለት። ግን ለእናንተ ጥያቄው የቋንቋ ስለሆነ እቀበልሃለሁ። አንድ ፖሊሲ ለሁሉም አይሆንም።

---

እጆቼ ይናገራሉ፦ ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1፡20

እቀበልሻለሁ በል። ሴት ነኝ 😄

---

ስድስት ነጥብ፦ ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1፡22

ይቅርታ እህቴ! አላየሁሽም።

---

አናጺው፦ ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሕንፃ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለ ራምፕ (ስለ ተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ) ብቻ ልናገር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። ትምህርት ቤቶች "ራምፕ ሠርተናል" ይላሉ፤ ስታዩት ግን ፍየል የምትወጣው ዳገት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት። 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ካሉ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሁለት ሜትር ነው። በዚያ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ሲወርድ ልጁ በፊቱ ይደፋል። ላዩ ሊሾ ከሆነ ደግሞ በክረምት ስለሚያንሸራትት ጭራሽ ባይሠራ ይሻላል። ላዩን ጭራችሁ አሻክሩት፤ ከላይ ወንበሩ የሚዞርበት ሜዳ ተዉለት። የሽንት ቤቱ በር ስፋት ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ወደ ውጭ ይከፈት። አንድ ትምህርት ቤት እንደ ደንቡ የተሠራ ራምፕ አይቼ ደስ ብሎኝ ስወጣበት ጫፉ ላይ የበሩ መርገጫ 12 ሳንቲ ሜትር ቆሞ ጠበቀኝ።

---

ሜሪላንድ ነኝ፦ ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 5፡50

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። "እዚያማ ገነት ነው" እንዳትሉኝ ሁሉንም እነግራችኋለሁ።

ልጄ እስከ አራት ዓመቱ አልተናገረም። የወረዳው ትምህርት ቤት በነፃ መረመረው። ከዚያ ስብሰባ ጠሩኝ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባለው ሕጋቸው እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ዕቅድ ይጻፍለታል፤ አይኢፒ ይሉታል። ከትምህርቱ በተጨማሪ የንግግር ሕክምና፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ምክር፣ አስተርጓሚ፣ አውቶቡስ ሁሉ ለልጁ ካስፈለገው ዕቅዱ ውስጥ ይገባል። ገንዘቡም ከወላጅ አይጠየቅም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያስተረጎመችልኝ የ12 ዓመት ልጄ ነበረች። ስድስት ባለሙያ ጠረጴዛውን ከቦ ተቀምጧል፤ እሷ "ማሚ፣ ወንድሜ ችግር አለበት ነው የሚሉት" ብላ አለቀሰች። እኔ የሚሉት ሳይገባኝ ፈረምኩ። ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ መሆኑን የነገረችኝ በኋላ አንዲት የአውቶቡስ ረዳት ሆና የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ በልጃችሁ አታስተርጉሙ። አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብላችሁ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ መምህሩ ጥያቄ። በዚያ ዕቅድ ላይ የሚጻፈው "የንግግር ድጋፍ ያገኛል" ተብሎ አይደለም። "በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 30 ደቂቃ፣ ከክፍል ውጭ" ተብሎ ነው። በሁለተኛው ዓመት የንግግር ባለሙያዋ ሥራ ለቀቀች። ሁለት ወር ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት ልጄ "ዛሬም አልሄድኩም" ሲለኝ ነው። ወጥ ቤት ያለው ካላንደር ላይ ያልሄደበትን ቀን በቀይ ማክበብ ጀመርኩ። 14 ክብ ሲሆን ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸውና ማካካሻ ጠየቅሁ። ሰባት ሰዓት ነው፤ በክረምቱ እረፍት ሰጡት። ደቂቃው ባይጻፍ ኖሮ ምን ብዬ እከራከር ነበር?

---

እናት ከጎፋ፦ ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 6፡20

የአባባ ሁለት ጣት እንደዚህ ቢጻፍልኝ! "ከደወል ሁለት ደቂቃ በፊት ተማሪው ይነገረዋል።" አንድ መስመር እኮ ናት። ነገ ሄጄ መምህሩን አስጽፈዋለሁ፤ ማኅተምም ባይኖረው።

---

ስድስት ነጥብ፦ ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 3፡15

አስጽፊው፤ ለትምህርት ቤቱም ገቢ አድርጊው። የሕግ መሠረት የለውም የሚልሽ ካለ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለመደገፍ ሀብት እንዲመድብ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ 676/2002 ጸድቋል፤ አንቀጽ 24 ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ድጋፍ ይሰጥ ይላል። የአሜሪካውን ያህል በደቂቃ የሚያስይዝ አይደለም፤ ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም።

---

ፊዚዮ ዘጎንደር፦ ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የፊዚዮ ባለሙያ በየትምህርት ቤቱ ይቀመጥ ብንል ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የሚሆን አይደለም። ግን በወር አንድ ቀን መጥቶ መምህሩንና እናትየዋን ቢያሳይ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ምሳሌ ልስጥ። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለበት አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ አይጽፍም ተባለ። ሄጄ አየሁት። የተቀመጠው በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ነው፤ እግሩ መሬት አይነካም፣ ጎኑ ባዶ ነው። ጉልበቱን ሁሉ የሚጨርሰው ላለመውደቅ ነው፤ ለመጻፍ ምን ይቀራል? ለአናጺ ልክ ሰጠን፦ እግሩ የሚያርፍበት ሳጥን፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ፣ ጠርዝ ያለው ጠረጴዛ። እርሳሱን በአሮጌ የብስክሌት ላስቲክ ጠቅልለን አወፈርንለት። በዚያው ቀን "መ"ን ጻፈ። ዘንባላ "መ" ነበረች፤ ግን "መ" ናት።

እናቱ በጀርባዋ አዝላ ነበር የምታመጣው፤ ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ወገቧ አልቋል። እሷን ካላሰብን የልጁም ትምህርት የሚቆምበት ቀን ሩቅ አይደለም።

---

የቾክ አቧራ፦ ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 3፡30

ጠፍቼ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሞዴል 22 ፈርሜ ቁልፉን ተረከብኩ። ኃላፊዋ "ኧረ ገላገልከኝ" አለችኝ። የሁለተኛው ፐርኪንስ ቁልፍ የተጣበቀው በአቧራ ነበር፤ በብሩሽ ጠርጌ አሠራሁት። ለምን ሰባት ዓመት እንዳልነካሁት አትጠይቁኝ።

የሜሪላንዷን ካላንደር ወሰድኩ። 32 ገጽ ደብተር ገዝቼ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ከፈልኩ፦ ቀን፣ ምን ተሠራ፣ ስንት ደቂቃ። የአምስት ሳምንት ድምሩን ይዤ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረቱ አቀረብኩ። የልጅቷ ጠቅላላ ድምር 94 ደቂቃ ነበር። የኅብረቱ ሰብሳቢ ገበሬ ናቸው። ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው "ይቺ ልጅ በወር የተማረችው የእኔ በሬ በጠዋት ከሚያርስበት ያነሰ ነው?" አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ከድልድሌ ላይ ስድስት ክፍለ ጊዜ ተነሳልኝ። አሥር ነበር የጠየቅኩት። ሌሎቹ መምህራን ጭነቱ ወደ እነሱ ስለዞረ ሁለቱ አይነጋገሩኝም፤ አልፈርድባቸውም። ሳተላይት ትምህርት ቤቶቹ ጋ ገና አልደረስኩም፤ ቅርቡ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የትራንስፖርት አበል የሚባል የለም። ወረዳ ሰው፣ ግንቦት ላይ በብር ተምኜ እልክልሃለሁ፤ ጥፋ ብዬ እንዳላገኝህ።

አሁን ያስቸገረኝ ወረቀት ነው። የብሬል ወረቀት አልቆ በተራ ወረቀት ስትጽፍ ነጥቡ ይቀደዳል፣ በሁለተኛው ንባብ ይጠፋል። ምን ልጠቀም?

---

ስድስት ነጥብ፦ ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 3፡48

ከ120 እስከ 160 ግራም የሆነ ወፍራም ወረቀት ጠይቅ። ማተሚያ ቤቶች ጋ ሂድ፤ ከካላንደርና ከሽፋን የሚተርፈውን ቁራጭ ይጥሉታል። አንዱ ገጽ ቢታተምበትም ግድ የለም፤ እሷ ቀለሙን አታነበውም። ፐርኪንሱ ውስጥ እንዲገባ ስፋቱን ብቻ አስቆርጥ። ሲያብረቀርቅ ግን አትውሰድ፤ ጣት ያንሸራትታል።

---

የቾክ አቧራ፦ ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 3፡55

ቅዳሜ ደሴ እወርዳለሁ። ሁለት ማተሚያ ቤት አውቃለሁ።

---

እናት ከጎፋ፦ ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 4፡10

እኔም መርካቶ እጠይቅልሃለሁ። የስፋቱን ልክ በሳንቲ ሜትር ጻፍልኝ።